አንጋፋው ሲለቅ ደጋፊ ምን ያድርግ?

ዜናው ሳይታሰብ ነው የሚመጣው። ስልካችሁን ስትከፍቱ የክለባችሁ ገጽ ላይ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ተለጥፏል። ከሥሩ “ስለ ሁሉም ነገር እናመሰግናለን” ይላል። ፎቶው ቀለም ስለሌለው መጀመሪያ ልባችሁ ድንግጥ ይላል፤ ሰው የሞተ ነው የሚመስለው። ከዚያ ነው ነገሩ የሚገባችሁ። አሥር ዓመት ማልያችሁን የለበሰው ሰውዬ ውሉ አይታደስም።

እኔ የሊቨርፑል ደጋፊ ነኝ። ስቲቨን ጄራርድ የውድድር ዘመኑ ሲያልቅ እንደሚለቅ በ2015 መጀመሪያ ላይ (ቀኖቹንና ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ሲያሳውቅ ያደረግኩት ነገር ዛሬም ይቆጨኛል። አምስት ወር ሙሉ ስናደድና ስጨቃጨቅ ከረምኩ። ከዚህም ከዚያም ጋር ስነታረክ ሰውዬው ገና ዓይኔ ሥር እየተጫወተ መሆኑን ረሳሁት። ግንቦት ላይ በሜዳችን አንፊልድ በክሪስታል ፓላስ 3 ለ 1 ተሸነፍን። ከሳምንት በኋላ የመጨረሻው ጨዋታ ስቶክ ሜዳ ላይ ነበር፤ ለእረፍት ሲወጡ 5 ለ 0 እየተመራን ነበር፤ ተናድጄ ቴሌቪዥኑን ዘጋሁት። ጄራርድ ከእረፍት በኋላ ጎል አገባ። በሊቨርፑል ማልያ ያገባት የመጨረሻዋ ጎል ናት፤ እኔ በማግስቱ በቪዲዮ ነው ያየኋት። ጨዋታው 6 ለ 1 አለቀ፣ ሽንፈቱን ግን ማን ያስታውሰዋል? እኔን የሚያንገበግበኝ ያቺ ጎል ስትገባ አለማየቴ ነው።

እናንተ ላይ እንዲህ እንዳይደርስ ነው ይህን የምጽፈው።

ሁለቱን ጥያቄ ለዩ

አብዛኛው ጭቅጭቅ የሚነሳው ሁለት ነገር ስለምናደባልቅ ነው። አንደኛው ጥያቄ “ውሳኔው ልክ ነው ወይ?” የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ “አሸኛኘቱ ልክ ነው ወይ?” የሚል። አንዱ የኳስ ጉዳይ ነው፣ ሌላው የክብር። ክለቡ በአንዱ ልክ ሆኖ በሌላው ሊሳሳት ይችላል፣ ደጋፊም በአንዱ እየተስማማ በሌላው መቆጣት መብቱ ነው።

ኢከር ካሲያስን ውሰዱት። ሪያል ማድሪድ 2015 ላይ በረኛ መቀየር ፈለገ፤ ይህ ሊያከራክር ይችላል፣ ነውር ግን አይደለም። ነውሩ ሌላ ነው። ከዘጠኝ ዓመቱ ጀምሮ ያደገበትን፣ 25 ዓመት የቆየበትን ክለብ ሲሰናበት ጋዜጠኞች ፊት ብቻውን ተቀምጦ ወረቀቱን እያነበበ አለቀሰ። አጠገቡ ማንም አልነበረም። ነቀፌታው ሲበዛ ክለቡ በማግስቱ ሌላ ዝግጅት አዘጋጀ፣ ሰው ያስታወሰው ግን የመጀመሪያውን ቀን ነው።

ውሳኔው ራሱ የተሳሳተበት ደግሞ አለ። ሚላን የጣልያን ሻምፒዮን በሆነበት በ2011 የ32 ዓመቱን አንድሬያ ፒርሎን በነጻ ለቀቀው። ጁቬንቱስ ወሰደው፤ ከዚያ በኋላ አራት ዓመት በተከታታይ ዋንጫውን ከሱ ጋር አነሳ። እዚህ ላይ የሚላን ደጋፊ “አሸኛኘቱ ጥሩ ነበር” ቢባል ምን ይጠቅመዋል?

ስለዚህ ስትናደዱ ራሳችሁን ጠይቁ፦ የተናደድኩት ስለሄደ ነው ወይስ እንዲህ ስለሄደ? መልሱ ቀጥሎ የምታደርጉትን ሁሉ ይቀይረዋል።

አንድ ቀን ታገሱ

ቀላል ነው ግን ከባድ ነው። ዜናውን ባያችሁበት ቀን ምንም አትጻፉ። የመጀመሪያው ቀን ላይ ግማሹ ወሬ ነው፤ ማን ገፋው፣ ማን ከዳ፣ ስንት ብር ጠየቀ የሚለው ሁሉ በማግስቱ ይገለበጣል። የተጫዋቹን የራሱን ቃል ጠብቁ። ቶማስ ሙለር 2025 ላይ ከባየርን ሲለቅ ነገሩ እሱ እንደፈለገው እንዳልሆነ ራሱ በግልጽ ጽፏል። እንዲህ ያለው አንድ መስመር ከመቶ ግምት ይበልጣል። ክለብ “በጋራ ስምምነት” ሲል ደግሞ ተጫዋቹም ያንኑ ቃል ተጠቅሞ እንደሆነ እዩ። ካልተጠቀመበት አንድ ነገር አለ ማለት ነው።

እንዴት እንደሄደ አጣሩ

“ሸጡት” እና “ውሉ አለቀ” አንድ አይደለም። ከቤልጂየሙ ተጫዋች ከዣን ማርክ ቦስማን የ1995 የፍርድ ቤት ውሳኔ ወዲህ ውሉ ያለቀ ተጫዋች የዝውውር ክፍያ ሳይጠየቅበት መሄድ ይችላል፤ ውሉ ስድስት ወር ሲቀረውም ከውጭ አገር ክለብ ጋር መደራደር ይችላል። ስለዚህ ክለባችሁ አንጋፋውን በነጻ ሲለቅ “እንዴት በነጻ?” ብላችሁ ከመጮሃችሁ በፊት ደመወዙን አስቡ። ትልቅ ተጫዋች ሲሄድ የሚተርፈው የሱ ደመወዝ ነው፣ አዲሱ ልጅ የሚገዛውም ብዙ ጊዜ በዚያው ነው።

ሌላው መንገድ የዓመቱ ርዝመት ነው። አርሰናል በአርሰን ቬንገር ዘመን 30 ዓመት ያለፈውን ተጫዋች የአንድ ዓመት ውል ብቻ ነበር የሚያቀርብለት። ሮበርት ፒሬስ በዚህ ምክንያት 2006 ላይ ሁለት ዓመት ወደሰጠው ቪያሪያል ሄደ። ማን ከዳ? ማንም አልከዳም። ክለቡ እግሩን አላመነም፣ ተጫዋቹ ደግሞ ዕድሜው ሳያልፍ ዋስትና ፈለገ። ሁለቱንም መረዳት ይቻላል።

አንዳንዴ ደግሞ ሁለቱም ፈልገው አይሆንም። ሊዮኔል ሜሲ 2021 ላይ ደመወዙ በግማሽ እንዲቀነስ ተስማምቶ ነበር፣ ነገር ግን የባርሴሎና የገንዘብ ቀውስና የስፔኑ ሊግ የላሊጋው የደመወዝ ጣሪያ ክለቡ እንዳያስመዘግበው አደረጉት። የዚያን ጊዜ ሰው በሜሲ ላይ የጻፈውን ስድብ ዛሬ መልሶ ቢያነበው ያፍራል።

ኳሱን በሐቀኝነት እዩ

ይህ ክፍል ነው ደጋፊ የሚሸሸው። የምትወዱት ሰው ደክሟል ወይስ አልደከመም?

የጎል ቪዲዮ አትዩ። የጎል ቪዲዮ ማንንም የ24 ዓመት ልጅ ያስመስላል። ሙሉ ጨዋታ አንስታችሁ 20 ደቂቃ እሱን ብቻ ተከተሉ። ኳስ ሲነጠቅ ስንት እርምጃ ይመለሳል? ተከላካዩ ሲሮጥበት ፋውል ይሠራል ወይስ ይደርሳል? ከ70ኛው ደቂቃ በኋላ ኳስ ይጠይቃል ወይስ ይደበቃል? ጎሉን ሳይሆን የተጫወተበትን ደቂቃ ቁጠሩ፤ ያውም የአንድ ሳይሆን የሁለት ዓመት። ጉዳቱ የት የት እንደሆነም እዩ፤ የተሰበረ አጥንት ይጠገናል፣ በየሁለት ወሩ የሚመለስ የታፋ ጡንቻ ጉዳት ግን ሌላ ታሪክ ነው።

ዕድሜ ብቻውን ግን አይፈርድም። ባርሴሎና በ33 ዓመቱ የሸኘው ሉዊስ ስዋሬዝ አትሌቲኮ ማድሪድ ገብቶ በዚያው ዓመት 21 የሊግ ጎል አገባ፤ የመጨረሻው ቀን ላይ ቫያዶሊድን ያሸነፉበትን ጎል አስቆጥሮ ዋንጫውን አነሳ። ቲያጎ ሲልቫ ፒኤስጂን በ35 ዓመቱ ለቆ ቼልሲ በገባ በመጀመሪያው ዓመት ቻምፒየንስ ሊግ በላ። እነዚህን እየጠቀሳችሁ ግን ሁሉንም አንጋፋ “ቢቆይ ኖሮ” አትበሉ። ሄዶ ያበራውን ነው የምናስታውሰው። ሄዶ በስድስት ወሩ ተቀያሪ ወንበር ላይ የቀረውን ማን ያወራለታል? እኔ ራሴ ጄራርድ አንድ ዓመት ይቆይ ስል ነበር። ያኔ ልቤ ነበር የሚናገረው። ዛሬ የዚያን ዓመት ጨዋታዎች መልሼ ሳያቸው እግሩ ዘግይቶ ነበር፤ መሄዱ ልክ ነበር ማለት ቢከብደኝም ስህተት አልነበረም።

ምስጋናችሁን በዝርዝር ጻፉ

“አመሰግናለሁ ሌጀንድ” ከሚሊዮን ሰው ይደርሰዋል። አንድ ቀን፣ አንድ ኳስ፣ አንድ ሰው ያለበት ነገር ጻፉ። እኔ ዘግይቼም ቢሆን ለጄራርድ የጻፍኩት እንዲህ ይላል፦ “በ2004 ኦሎምፒያኮስ ላይ ጨዋታው ሊያልቅ አራት ደቂቃ ሲቀረው ከሳጥን ውጭ የመታሃትን ኳስ ከወንድሜ ጋር ነው ያየኋት። ወንድሜ ተነስቶ ሲዘል ጭንቅላቱን ከመብራቱ ጋር አጋጨው። አሁንም ስንገናኝ ስለዚያ ነው የምናወራው።” ያንብበው አያንብበው አላውቅም። መጻፉ ግን እኔን አሳረፈኝ።

ስትጽፉ ስለሱ ብቻ ጻፉ። “ከዚህ ከማይረባ አሰልጣኝ ተገላገልክ” የሚል ነገር አትጨምሩበት። ቁጣችሁን ሌላ ቀን ሌላ ቦታ ትጽፋላችሁ።

ደግሞ በአንድ ክረምት ብዙ ሰው ሲሄድ ትንሹን አትርሱ። 2023 ላይ ከሊቨርፑል ሮቤርቶ ፊርሚኖ ሲሄድ ሁላችንም አለቀስን፤ አንፊልድ ላይ አስቶን ቪላ ላይ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል አቻ ያደረገን እሱ ነበር፤ እንዴት አይለቀስ? ጄምስ ሚልነርም በዚያው ቀን ነው የተሰናበተው። ስምንት ዓመት በተባለበት ቦታ ሁሉ ተጫወተ፣ ግራ ተከላካይ ሲባል ግራ ተከላካይ፣ አማካይ ሲባል አማካይ። እንዲህ ያለ ሰው በክለባችሁ ካለ፣ ሁለተኛ በረኛም ይሁን ተቀያሪ ተከላካይ፣ ለሱም አንድ መስመር ጻፉለት።

የመጨረሻውን የሜዳ ጨዋታ አታሳልፉ

ስታዲየም መግባት ከቻላችሁ ፊሽካው ሲነፋ አትውጡ። በቴሌቪዥን ከሆነም አትዝጉት፤ ዋናው ነገር ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ፍራንቼስኮ ቶቲ በግንቦት 28፣ 2017 ሮማ ጄኖአን 3 ለ 2 ባሸነፈበት ቀን ተቀይሮ ነው የገባው፤ ከጨዋታው በኋላ ግን ደብዳቤውን ሲያነብ፣ ፈርቻለሁ ብሎ ሲናገር፣ ትልልቅ ሰዎች አጥሩን ይዘው ሲያለቅሱ ከታየው የሚበልጥ የኳስ ምሽት አይቼ አላውቅም። አንድሬስ ኢኒዬስታ ደግሞ 2018 ላይ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ እኩለ ሌሊት አልፎ በባርሴሎናው ስታዲየም ካምፕ ኑ መሃል ሜዳ ላይ ጫማውን አውልቆ ብቻውን ተቀምጦ ነበር። ባዶ ስታዲየም፣ ባዶ እግር። እሱ ራሱ ለመሰናበት ጊዜ ወስዷል፣ እናንተም ውሰዱ።

አሸኛኘቱ ከተበላሸ

ዝም አትበሉ። ግን ለትክክለኛው ሰው ተናገሩ። የክለቡን ገጽ የሚያስተዳድረው ልጅ ውሳኔ አልሰጠም። ቁጥሩን የወረሰው የ20 ዓመት ልጅም አልሰጠም፤ መጀመሪያ ኳስ ሲያበላሽ የአንጋፋውን ስም እየጠሩ መጮህ ልጁን መስበር ነው፣ አንጋፋውም ቢሰማ አይወደውም። በደጋፊ ማኅበራችሁ በኩል ተሰባስባችሁ የሚፈጸም ነገር ጠይቁ፦ በቀጣዩ የሜዳ ጨዋታ መጥቶ ደጋፊውን ይሰናበት፣ የክብር ጨዋታ ይዘጋጅለት፣ አሠልፉትና አሥር ደቂቃ ይጫወት። “ባለቤቱ ይውጣ” የሚል መፈክር ስሜት ያወጣል። “ግንቦት ላይ ጥሩት” የሚል ጥያቄ ግን መልስ ያስገድዳል።

ተጋጣሚ ሆኖ ሲመጣ

ፍራንክ ላምፓርድ 13 ዓመት ከቆየበት ቼልሲ በለቀቀ በወራት ውስጥ፣ መስከረም 2014 ላይ ለማንችስተር ሲቲ ተቀይሮ ገብቶ ቼልሲ ላይ አገባ። አልጨፈረም፣ ፊቱም ጎል ያገባ ሰው ፊት አይመስልም ነበር። የቼልሲ ደጋፊዎች ጨዋታው ሲያልቅ አጨበጨቡለት። እንዲህ አድርጉ፦ ከጨዋታው በፊት አጨብጭቡ፣ ፊሽካ ሲነፋ ተቃወሙት፣ ሲያልቅ እንደገና አጨብጭቡ። በመሃል ያለው 90 ደቂቃ የክለባችሁ ነው። ወደ ዋነኛው ባላንጣችሁ ከሄደ ግን ማንም እንዲያጨበጭብ አላስገድድም፤ ዝም ማለትም ይበቃል።

ማልያውስ?

አታቃጥሉት፣ አትስጡትም። ስሙ ያለበትን ማልያ ገልብጣችሁ በቀዝቃዛ ውሃ በእጅ እጠቡት። አትጭመቁት። ጥላ ላይ አስጡት፣ ፀሐይ ጽሑፉን ያሰነጥቀዋል። ካውያ በጭራሽ እንዳይነካው። የኔ 8 ቁጥር ግማሹ የተላጠው በችኮላ ስለተኮስኩት ነው፤ ጄራርድ የሚለው ግን እስካሁን ሙሉ ነው፣ ሊቨርፑል ሲጫወት የምለብሰውም እሱን ነው።