ባዮጋዝ ልታስገቡ ነው? መጀመሪያ በረቱን እዩ

ባዮጋዝ፣ ማለትም እበት ተዘግቶ ሲብላላ የሚወጣው የማብሰያ ጋዝ፣ የሚቆመው ግንባታው ተበላሽቶ ብቻ ሳይሆን የሚቀልበው ሲጠፋም ነው፣ ስለዚህ ጉድጓድ ከማስቆፈራችሁ በፊት ከብትና ውሃ ቁጠሩ። በ2001 ዓ.ም አካባቢ የተጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም ያስፋፋው ስንዱ የሚባለው የማብላያ ጉድጓድ ሞዴል አለ፣ 6 ሜትር ኩብ የሆነው በቀን 40 ኪሎ ገደማ እርጥብ እበት ይፈልጋል። አንድ ከብት በረት አድራ 10 ኪሎ አካባቢ ነው የምትሰጠው፣ ስለዚህ 4 ከብት፣ ያውም በረት የሚያድሩ። ውሃውም ያው 40 ሊትር ነው፣ በየቀኑ ሁለት ጀሪካን። ውሃ በአህያ ከሩቅ የሚመጣበት ቤት ከሆነ ይቅርባችሁ ነው የምለው፣ ማገዶ ለቀማውን በውሃ መቅዳት መቀየር ነው። የከብቱን ሽንት በቦይ እበትና ውሃ ወደሚቀላቀልበት ገንዳ ብታስገቡት ግን ውሃው ትንሽ ይቀንስላችኋል።

ቦታው ፀሐይ የሚያገኘው፣ ለበረትና ለማድቤት ቅርብ፣ ከውሃ ጉድጓድ ደግሞ ቢያንስ 10 ሜትር የራቀ ይሁን። ግንባታውን ለሰለጠነ ግንበኛ ስጡ፣ ጋዙ የሚጠራቀምበት ክብ ጣሪያ (ዶሙ) ጋዝ ካስወጣ ሁሉም ነገር ከንቱ ነው።

የመጀመሪያው ሙሌት ብዙ እበት ስለሚፈጅ ግንባታው ሳያልቅ ጀምራችሁ ጥላ ስር አጠራቅሙ፣ ኩበት እስኪሆን እንዳይደርቅ። ስትቀላቅሉ እጃችሁን አስገብታችሁ ጓል ጓሉን አፍርሱ፣ ገለባና ድንጋዩን ልቀሙ፣ ቀጠን ያለ አጥሚት ሲመስል ልቀቁት። በረኪናና የሳሙና እጣቢ እንዳይገባ፣ ጋዝ የሚሰሩትን ባክቴሪያዎች ይገድላል። ደጋ ላይ ብርዱ ስለሚያዘገየው ጋዙ ቶሎ ካልመጣ አትደንግጡ።

መጀመሪያ የሚመጣው ጋዝ አየር ስለተቀላቀለበት በደንብ አይነድም፣ ሊፈነዳም ይችላል፣ አጠገቡ እሳት ሳይኖር ውጪ ልቀቁት። ከዛ ሙከራው ምድጃው ላይ ብቻ ነው፣ ዶሙ አናት ላይ ካለው ቱቦ ክብሪት የሚጭር ሰው ካያችሁ አባሩት። መገጣጠሚያዎቹን የሳሙና አረፋ ቀቡ፣ አረፋ ካወጣ ያፈሳል ማለት ነው። እሳቱ ብልጭ ድርግም ካለ ቱቦው ውስጥ ውሃ ስላለ ቱቦው ላይ ያለውን የውሃ ማጠራቀሚያ ከፍታችሁ አፍስሱ፣ ቢጫ ከሆነ ደግሞ የምድጃውን የአየር መግቢያ አስተካክሉ፣ ሰማያዊ መሆን አለበት።

በደንብ ከቀለባችሁት አንድ ምድጃ በቀን ከ3 እስከ 4 ሰዓት ይነድዳል፣ ቡናም ወጡም ይደርሳል። እንጀራ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ ምጣዱ ሰፊና እኩል ሙቀት ስለሚፈልግ ተራው የባዮጋዝ ምድጃ አይችለውም፣ ለባዮጋዝ የተሰራ ምጣድ ቢኖርም ጋዝ ይጨርሳል። ማገዶ ቆጣቢውን «ምርጥ» የእንጀራ ምድጃ እንዳትጥሉት።

የሚወጣውን ዝቃጭ ፀሐይ ላይ አታስጡት፣ ናይትሮጅኑ ይተናል። ጥላ ስር ባለ ጉድጓድ ከገለባና ከቅጠል ጋር ኮምፖስት አድርጉት፣ ጉድጓዱን ልጅም ጥጃም እንዳይገባበት ክደኑት።