በቢራ ጋን ውስጥ ያለውን ሕያው እርሾ እንዴት መቁጠር ይቻላል?

ቢራ ፋብሪካ እርሾውን በሊትር ቢለካም ስኳሩን ወደ አልኮል የሚለውጡት በሕይወት ያሉት ህዋሳት ብቻ ናቸው። የተለመደው መነሻ በእያንዳንዱ ዲግሪ ፕላቶ (የስኳሩ ይዘት መለኪያ) ለ1 ሚሊ ሊትር ዎርት (ገና ያልተብላላ የብቅል ፈሳሽ) 1 ሚሊዮን ሕያው ህዋስ ነው፤ ለ12 ፕላቶ ዎርት 12 ሚሊዮን ማለት ነው። ከዚህ በጣም ካነሰ መብላላቱ ይዘገያል፣ ለባክቴሪያም ፋታ ይሰጣል።

የሚያስፈልገው 400 እጥፍ የሚያጎላ ማይክሮስኮፕ፣ ኒውባወር የሚባለው የመቁጠሪያ መስታወት ከነክዳኑ፣ ሚዛን እና ሜቲሊን ብሉ ቀለም ነው። ለቀለሙ 0.01 ግራም ሜቲሊን ብሉና 2 ግራም ሶዲየም ሲትሬት በተጣራ ውሃ ሟሙተው 100 ሚሊ ሊትር ይሞላሉ።

1. ናሙና መውሰድ። ብዙው ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ነው። እርሾ ይዘቅጣል፤ ከጋኑ ሥር የተቀዳና ከመሃል የተቀዳ ናሙና የሚሰጡት ቁጥር በጭራሽ አይገናኝም። ስለዚህ የእርሾ ማቆያው ጋን በደንብ ይማሰል፣ በቧንቧው ውስጥ ቆሞ የቆየው ይደፋ፣ ከዚያ ይቀዳ። ናሙናው አረፋው እስኪጠፋ ይነቅነቅ።

2. ማቅጠን። 1 ግራም ወፍራም እርሾ ከ99 ግራም ውሃ ጋር ይቀላቀል። በፒፔት ከመለካት መመዘን ይሻላል፤ ጋዝ ያለበት እርሾ ፒፔቱን በአረፋ ይሞላዋል። ህዋሳቱ ተያይዘው ክምር ከሠሩ ኢዲቲኤ ከሚባለው ኬሚካል ጥቂት ይጨመር፤ የሚያያይዛቸውን ካልሲየም ይይዝባቸዋል። ክምርን በግምት መቁጠር ግን አያዋጣም።

3. ማቅለም። ከቀጠነው እርሾና ከቀለሙ እኩል መጠን ይቀላቀል፤ አሁን ናሙናው 200 ጊዜ ቀጥኗል። ሕያው ህዋስ የገባበትን ቀለም ስለሚያነጣው ጥርት ብሎ ይታያል፤ የሞተው ግን ይህን ማድረግ ስለማይችል ደማቅ ሰማያዊ ይሆናል። ከ10 ደቂቃ በላይ ከቆየ ደህናዎቹም መቅለም ይጀምራሉ።

4. መቁጠር። ክዳኑን ገጥሞ አንድ ጠብታ በጠርዙ ማስጠጋት ነው፤ ፈሳሹ ራሱ ይሳባል። በመስታወቱ ላይ ወዳለው ቦይ ከፈሰሰ ታጥቦ ይደገም። ህዋሳቱ እስኪረጉ 1 ደቂቃ ያህል ጠብቆ በመስታወቱ መሃል በተቀረጹት 25 ካሬዎች ውስጥ ያሉት በሙሉ ይቆጠሩ። የላይና የግራ መስመር የነካ ይቆጠራል፤ የታችና የቀኝ የነካ ይተዋል። ቡቃያው የእናቱን ግማሽ ካከለ እንደ ራሱ ህዋስ ይያዛል።

5. ማስላት። የ25ቱ ካሬዎች ይዘት 0.0001 ሚሊ ሊትር ስለሆነ ቁጥሩ በ10,000፣ ቀጥሎም በ200 ይባዛል። 500 ህዋስ ተቆጥሮ 40ው ሰማያዊ ከሆነ፣ በ1 ሚሊ ሊትር 1 ቢሊዮን ህዋስ አለ፤ 92 በመቶው ሕያው ነው። ለ10,000 ሊትር የ12 ፕላቶ ዎርት ወደ 130 ሊትር እርሾ ይፈለጋል። የሞቱትን ሳይቀንስ ያሰላ ሰው 120 ሊትር ብቻ ጨምሮ ይቀመጣል።

መብላላቱ ከተጀመረ በኋላ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ሁልጊዜ ከአንድ ቧንቧ፣ መቁጠር ይበቃል። እዚህ ናሙናው ቀጭን ስለሆነ ከቀለሙ ጋር እኩል መቀላቀሉ ብቻ ይበቃዋል፤ ማባዣውም በ200 ፈንታ 2 ነው። ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 እጥፍ ያድግና ስኳሩ ሲያልቅ ይወርዳል። መውረዱ ብቻውን አያስደነግጥ፤ እርሾው ዘቅጦ እንጂ ሞቶ ላይሆን ይችላል። መታየት ያለበት የሰማያዊዎቹ ድርሻ ነው። ሕያው የሆነው ከ90 በመቶ በታች ከወረደ ያንን እርሾ ለሚቀጥለው ጋን አለመጠቀም ይመረጣል። ከዚያ በታች ሜቲሊን ብሉ ራሱ አይታመንም፤ በመሞት ላይ ያሉት ቀለሙን ገና ማንጣት ስለሚችሉ ከእውነታው የተሻለ ቁጥር ይሰጣል።

ትልልቅ ፋብሪካዎች በቧንቧው ላይ የኤሌክትሪክ ካፓሲታንስ የሚለካ ሴንሰር ይገጥማሉ። ሽፋኑ ያልተቀደደ ህዋስ በኤሌክትሪክ መስክ ውስጥ ቻርጅ ይይዛል፣ የሞተውና የተቀደደው አይዝም፤ ስለዚህ ያለ ቀለም በየሰከንዱ ያነባል። ጠላቱ አረፋ ነው፤ ንባቡን ዝቅ ያደርግበታል። የህዋሱ መጠን ከዝርያ ዝርያ ስለሚለያይም፣ እርሾ በተቀየረ ቁጥር ከማይክሮስኮፑ ቆጠራ ጋር እንደገና መመሳከር አለበት።