ፊውዝ የሚበላ የጊታር አምፕ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጥር ላይ ደብረ ብርሃን ሠርግ በሠርግ ነው። ባንዱ ዕቃውን ጭኖ ዛሬ ደብረ ሲና፣ ነገ መሐል ሜዳ ይውላል። በዚህ መሃል ባለ ቲዩቡ የጊታር አምፕ (የጊታሩን ድምፅ በመስታወት ቲዩቦች የሚያጎላው ማጉያ) ፊውዝ መብላት ከጀመረ በድግሱ ላይ ውሃ ተቸለሰበት ማለት ነው። አዲስ ፊውዝ ይገባል፣ ጧ ይላል፣ ጸጥ።

ብልሽቱ ራሱ ብዙ ጊዜ አንድ ቲዩብ ወይም አንድ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ) ነው። ነገሩን እስከ ትራንስፎርመር የሚያደርሰው ከዚያ በኋላ እኛ የምንጨምርበት ነው።

ትልቅ ፊውዝ መግጠም

ባለ 1 አምፔሩ አልበረክት ሲል ባለ 5 ይገባል። እሱም ከጠፋ የሲጋራ ብርማ ወረቀት ይጠቀለልበታል፣ ወይም ቀጭን የመዳብ ክር ይታሰርበታል። አምፑ በራ፣ ሁሉም ተደሰተ። ችግሩ ግን እዚያው አለ። አሁን በፊውዙ ፋንታ የሚቃጠለው የሶኬቱን ቮልቴጅ ለአምፑ የሚቀይረው ፓወር ትራንስፎርመር ነው። እሱን ወይ ከውጭ ማስመጣት፣ ወይ ጥሩ ጠምጣሚ ፈልጎ ማስጠምጠም ሊኖርብዎት ነው። ሁለቱም ኪስ ይጎዳሉ።

ቁጥሩ ብቻ አይበቃም። በፊውዙ የብረት ቆብ ላይ ያለችውን ፊደልም ይዩ። «ቲ» ቀስ ብሎ የሚቃጠለው ነው፤ «ኤፍ» ፈጣኑ። ባለ ቲዩብ አምፕ ሲበራ ለቅጽበት ብዙ ከረንት ይስባል። ስለዚህ «ቲ» በሚልበት ቦታ «ኤፍ» ከገባ፣ ጤነኛ አምፕም ፊውዝ ሊበላ ይችላል። አምፑ ጀርባ ላይ የተጻፈውን ዓይነት ይግጠሙ። አለቀ።

የቮልቴጁን ጽሑፍ አለማንበብ

አሜሪካ ያለች አክስት የላከችው አምፕ 120 ቮልት ሊሆን ይችላል። የእኛ መብራት 220 ነው። በቀጥታ ከሰኩት ፊውዙ መቃጠሉ ሥራውን መሥራቱ ነው፤ አመስግነውት 220ውን ወደ 120 የሚያወርድ ኮንቨርተር ይፈልጉ። ለፀጉር ማድረቂያ የሚሸጠው ቀላሉ አይሆንም፤ በትክክል ትራንስፎርመር ያለበት መሆን አለበት። አንድ ነገር ደግሞ ይወቁ፦ 50 ዋት የሚባል ባለ ቲዩብ አምፕ ከሶኬት የሚስበው ከ50 ዋት በጣም ይበልጣል። ባለ 500 ዋት ኮንቨርተር ቢይዙ አይቆጭዎትም።

አንዳንዱ አምፕ ቮልቴጅ መቀየሪያ አለው። ከ120 ወደ 220 ሲያዞሩት የሚስበው ከረንት በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ ፊውዙም መቀነስ አለበት። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

በስህተት 220 ላይ ሰክተውት ከሆነም ለሠሪው ይንገሩት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። «ዝም ብሎ ነው የጠፋው» የሚል ደንበኛ ሠሪውን ያለ ቦታው ያስለፋዋል።

መቼ እንደተቃጠለ ልብ አለማለት

ለእኔ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ፊውዙ የተቃጠለበት ሰዓት ግማሹን ምርመራ ይሠራልዎታል፤ ያውም በነፃ።

ስታንድባይ (ከፍተኛውን ቮልቴጅ የሚለቀው ሁለተኛው ማብሪያ) ሳይነካ፣ ዋናው ማብሪያ እንደተጫነ ጧ ካለ፣ ጣጣው ከስታንድባዩ በፊት ነው፦ ትራንስፎርመሩ፣ ሬክቲፋየሩ (ኤሲን ወደ ዲሲ የሚቀይረው)፣ አንዳንዴም የመጀመሪያው ፊልተር ካፓሲተር (ዲሲውን የሚያጠራው)። ስታንድባዩ ሲነሳ ከሆነ ደግሞ ከፍተኛው ቮልቴጅ የሚሄድበትን መስመር ይጠርጥሩ፦ ፓወር ቲዩቦቹን (ስፒከሩን የሚነዱትን ትልልቆቹን)፣ ፊልተር ካፓሲተሮቹን፣ ድምፁን ወደ ስፒከር የሚያደርሰውን አውትፑት ትራንስፎርመር። ጥቂት ደቂቃ ተጫውቶ ከሆነ ግን ክፍሉን አጨልመው ቲዩቦቹን ይመልከቱ። ውስጥ ያለው ክር ብርቱካናማ ሆኖ መጋሉ ጤና ነው። ዙሪያውን ያለው ግራጫ ብረት ከቀላ ግን ወዲያው ያጥፉት። ያ ቲዩብ ከአቅሙ በላይ ከረንት እያሳለፈ ነው።

ሳይለዩ ቲዩብ መግዛት

ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ርቀው ቲዩብ ሲያስልኩ እርግጠኛ መሆን ደግ ነው። አምፑን ይንቀሉ፣ ይቀዝቅዝ፣ ፓወር ቲዩቦቹን ያውጡ፣ ትክክለኛውን ፊውዝ አግብተው ያብሩት። ፊውዙ ከተረፈ ችግሩ ከቲዩቦቹ ወይም ከባያሱ (የቲዩቡን ከረንት ከሚገድበው ቮልቴጅ) ነው። ካልተረፈና ሬክቲፋየሩም ቲዩብ ከሆነ፣ እንደገና ነቅለው እሱንም ያውጡት። አሁን ከተረፈ ወይ ራሱ ሬክቲፋየሩ ነው፣ ወይ ከእሱ በኋላ ያለ ካፓሲተር ሾርት አድርጓል። ሁሉም ወጥቶ እየበላ ከቀጠለ ትራንስፎርመሩ ላይ ይደርሳሉ።

ባያሱን አይርሱ። ባያሱ ቋሚ በሆነ አምፕ የቲዩቡ ግሪድ (ከረንቱን የሚቆጣጠረው መረብ) ላይ ኔጋቲቭ ቮልቴጅ መኖር አለበት፤ ኢኤል34 እና 6ኤል6 በሚባሉት ቲዩቦች እግር 5 ላይ ማለት ነው። እሱ ከሌለ አዲሶቹም ቲዩቦች እንደ አሮጌዎቹ ቀልተው ይሞታሉ። ይህን የሚለካው ግን ባለሙያ ነው፤ ለምን እንደሆነ ወደታች አለ።

በፊውዝ ላይ ፊውዝ ማቃጠል

ሠሪዎች የሚያውቋት ርካሽ ዘዴ አለች። የድሮውን ባለ ክር አምፑል፣ 60 ወይም 100 ዋት፣ ከአምፑ ጋር በተከታታይ ማሰር። አምፑሉ ደምቆ ከቀረ ሾርት አለ። ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው። ፊውዝ አይቃጠልም፣ ትራንስፎርመርም አይጎዳም። ኤልኢዲ አይሠራም፤ ባለ ክሩ እየጠፋ ስለሆነ ሲያገኙ ሁለት ሦስት ገዝተው ያስቀምጡ። ማሰሩን ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይተዉት።

«ነቅያለሁ» ብሎ እጅ መክተት

ከሶኬት ተነቅሎም ካፓሲተሮቹ ከ400 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ይገድላል። በጠመንጃ መፍቻ ሾርት ማድረግም ሌላ ጉዳት ነው፤ በሬዚስተር ቀስ ተብሎ ይለቀቃል፣ ከዚያ በቴስተር ዜሮ መድረሱ ይረጋገጣል። ቲዩብ ነቅሎ ማየት የእርስዎ ድርሻ ነው፤ ሽፋኑን ከፍቶ መግባት የባለሙያው። በከተማው የድሮውን ትልቅ ቴሌቪዥን ሲጠግን የኖረ ሰው ካለ እሱ ጋ ይሂዱ። ጊታር ባይጫወትም ከፍተኛ ቮልቴጅን ያከብራል።

መንገዱንና መብራቱን መናቅ

ጣርማበርን ወርዶ ሸዋ ሮቢት የገባ አምፕ ተንገጫግጯል። ከማብራትዎ በፊት ቲዩቦቹ ሶኬታቸው ውስጥ በደንብ መቀመጣቸውን ይዩ። ትኩስ ሆኖም አይጫን። መብራት ከሄደ ደግሞ ይንቀሉት፤ ተመልሶ የሚመጣው አንዳንዴ እየዘለለ ነው። ጄኔሬተር ላይም ከመሰካትዎ በፊት ቮልቴጁን ያስለኩ።

ከጥገና በቀጥታ ወደ ሠርግ

ተሠርቶ ሲመጣ ቤት ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ይጫወቱበት። ደህና የመሰለ ቲዩብ ሲሞቅ ነው ጉዱን የሚያወጣው። ስፒከሩን ሳይሰኩ ግን በፍጹም አያብሩት፤ አውትፑት ትራንስፎርመሩ ይቃጠልና ደግሞ ሌላ ጥገና ይጀምራሉ።