በፖከር ካርታ ያለጊዜው ሲታይ

ቆርኪ እየመደቡ የሚጫወቱ ጓደኛሞችም ቢሆኑ የሚጣሉት አብዛኛውን ጊዜ ካርታ ያለጊዜው ሲታይ ነው። ሁለት ካርታ ታድሎ አምስት መሃል በሚወጣበት በቴክሳስ ሆልደም ሕጉ ግልጽ ስለሆነ፣ ከመበወዙ በፊት ተስማሙበት።

መጀመሪያ ጠረጴዛውን አዘጋጁ። በድሬዳዋ ሙቀት ማራገቢያ ማጥፋት አይቻልም፤ ግን ወደ ግድግዳ አዙሩት፣ አለበለዚያ ካርታ ይገለብጣል። ያላበው እጅ ካርታ አጣብቆ ስለሚያድል አዳዩ አጠገብ ደረቅ ጨርቅ ይኑር። የደረሳችሁን ከጠረጴዛው ሳታነሱ በመዳፍ ከልሉ፤ ጫፉን ብቻ ቀና አድርጋችሁ እዩና ቆርኪ ጫኑበት።

ከዙሩ ለመውጣት ካርታችሁን ስትጥሉ ተራችሁን ጠብቁ፤ ካርታውም ፊቱ ወደ ታች ሆኖ ዝቅ ብሎ ይሂድ። ከጣሉ በኋላ ዝምታ ግዴታ ነው። መሃል ሁለት ስምንት ሲወጣ አንዱ «ወይኔ!» ካለ ስምንት መጣሉን ሁሉም ያውቃል፤ ስምንት የያዘ መስሎ ሊያስፈራራ ያሰበው ሰው ያኔውኑ ተበላሸበት። ለጎረቤት ማሳየትም ያው ጥፋት ነው። ያየው ሰው ገና የሚወስነው ካለ ካርታው ወዲያው ለሁሉም ይታይ፤ ከጨዋታው የወጣ ከሆነ ውርርዱ ሲያልቅ ይታያል።

አዳዩ ሲሳሳት፦ የመጀመሪያው ወይም ሁለተኛው ካርታ ከተገለጠ፣ ወይም በጠቅላላ ሁለት ከታዩ፣ ሁሉም ተሰብስቦ እንደገና ይታደላል። ከዚያ በኋላ አንድ ብቻ ከታየ እደላው ይቀጥልና በመጨረሻ ከላይ ባለው ካርታ ይተካል፤ የታየው ከፍሎፑ (መሃል መጀመሪያ አብረው ከሚወጡት ሦስት ካርታዎች) በፊት ወደ ጎን የሚጣለው ካርታ ይሆናል። ተጫዋቹ ራሱ ከገለበጠው ግን የእሱ ነው፣ አይቀየርም።

ውርርዱ ሳያልቅ ፍሎፕ ከተዘረጋ ሦስቱ ወደ ቀሪው ካርታ ይመለሳሉ፤ ውርርዱ ሲያልቅ ተበውዞ አዲስ ይወጣል፣ ሌላ ካርታ ወደ ጎን አይጣልም። የአምስተኛውም ካርታ ሕግ ይኸው ነው። የሚያደናግረው አራተኛው ነው፦ የቸኮለው ካርታ ይቀመጣል፣ ውርርዱ ያልቃል፣ አንድ ወደ ጎን ይጣልና ቀጣዩ አራተኛ ሆኖ ይወጣል። የዚህ ዙር ውርርድ ካለቀ በኋላ የተቀመጠው ከቀሪው ጋር ተበውዞ አምስተኛው ይወጣል።

በመጨረሻው ዙር ከሁሉም ኋላ ያስያዘ ወይም የጨመረ ሰው ቀድሞ ይገልጣል፤ ማንም ካልመደበ ከአዳዩ በስተግራ ካለው ይጀመራል። «ፍላሽ (አምስት አንድ ዓይነት ምልክት ያላቸው ካርታዎች) አለኝ» የሚል ቃል ሰምታችሁ ካርታችሁን አትጣሉ። የተናጋሪው ሁለቱም ካርታዎች ጠረጴዛው ላይ ተገልጠው እስክታዩ ያዙ፤ ከተጣሉት ጋር የተቀላቀለ ካርታ፣ አሸናፊ የነበረ እንኳ ቢሆን፣ አይመለስም።