የፋይናንስ ልምምድ ከመጀመር በፊት የሚመጣን ጭንቀት እንዴት መቋቋም ይቻላል?

የልምምድ ሥራ ሊጀመር ጥቂት ቀናት ሲቀሩ የሚያስጨንቀው ነገር ሲፈተሽ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ፍርሃት ሆኖ ይገኛል፦ «የማላውቀውን ይጠይቁኛል» እና «አንድ ቁጥር ብሳሳት ጉዴ ይፈላል»። ፍርሃቱን ዝም ለማሰኘት ከመታገል ይልቅ እነዚህን ሁለቱን ለየብቻ መያዝ ይሻላል።

1. ስጋቱን ጻፉት

የሚያስጨንቃችሁን ሁሉ ሳታሳምሩ ወረቀት ላይ አውጡት። ምክሩ ተራ ቢመስልም የተፈተነ ነው፤ በ2011 እ.ኤ.አ. «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት፣ ከፈተና በፊት ለ10 ደቂቃ ያህል ስጋታቸውን የጻፉ ተማሪዎች፣ በተለይም ፈተና የሚያስጨንቃቸው፣ የተሻለ ውጤት እንዳገኙ አሳይቷል። ከዚያ ዝርዝሩን ለሁለት ክፈሉት። «ኤክሴል ይከብደኛል» የሚለው ከአሁኑ ሊሠራበት ይችላል። «አለቃዬ ምን ዓይነት ሰው ይሆን?» የሚለው ግን ቀኑ ካልደረሰ አይታወቅምና ተዉት።

2. ጥቂት ነገር አጥብቃችሁ ከልሱ

የዓመታት ትምህርትን በአንድ ሳምንት ለመከለስ መሞከር ጭንቀት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ከሁሉም በፊት ሦስቱ የሒሳብ መግለጫዎች (የትርፍና ኪሳራ፣ የገንዘብ ፍሰት፣ የሀብትና ዕዳ) እንዴት እንደሚያያዙ እወቁ። የእርጅና ቅናሽ (ቋሚ ንብረት እያረጀ ሲሄድ ከዋጋው ላይ በየጊዜው በወጪነት የሚያዘው) በ100 ጨመረ፣ የትርፍ ግብሩም 30 በመቶ ነው እንበል። ግብሩ በ30 ስለሚያንስ የተጣራ ትርፍ የሚቀንሰው በ70 ነው። የእርጅና ቅናሽ ግን ከካዝና የሚወጣ ገንዘብ ስላልሆነ፣ በገንዘብ ፍሰት መግለጫው ላይ 100ው ተመልሶ ይደመርና ጥሬ ገንዘቡ በ30 ይጨምራል። በሀብትና ዕዳ መግለጫው ላይ ቋሚ ንብረት በ100 ይቀንሳል፣ ጥሬ ገንዘብ በ30 ይጨምራል፤ በሌላ በኩል የባለቤቶች ድርሻ በ70 ያንሳል፤ ሚዛኑም ይጠበቃል። ይህን ማስታወሻ ሳታዩ ለሌላ ሰው ማስረዳት ከቻላችሁ ለመጀመሪያው ሳምንት የሚበቃ መሠረት አላችሁ። ከኤክሴል ብዙ መረጃ የሚያጠቃልለውን ፒቮት ቴብልንና ከሰንጠረዥ ውስጥ ተፈላጊውን ፈልጎ የሚያመጣውን ቪሉክአፕን መለማመድ ይበቃል።

3. ስህተት የመፈለግ ልማድ ያዙ

እኔ ከሁሉ አብልጬ የምመክረው ይህን ነው፤ ስህተቱን ራሱ ፈልጎ ማግኘት የሚችል ሰው ስህተትን ያን ያህል አይፈራም። ሁለት ድምሮች አልገናኝ ሲሉ አትደንግጡ፤ ልዩነቱን ተመልከቱ። ለ9 ያለ ቀሪ የሚካፈል ከሆነ ሁለት አኃዞች ቦታ ተለዋውጠው ሊሆን ይችላል፦ 5,400 መጻፍ ሲገባው 4,500 ከተጻፈ ልዩነቱ 900 ነው። ልዩነቱን ለሁለት ስታካፍሉት የሚገኘው መጠን ከመዝገቡ ውስጥ ካለ ደግሞ፣ ዴቢት (የሒሳቡ ግራ ጎን) መሆን የነበረበት ክሬዲት (ቀኝ ጎን) ሆኖ ተመዝግቦ እንደሆነ አጣሩ። ኤክሴል ላይ ድምሩ ካነሰ በጽሑፍ መልክ የገቡ ቁጥሮች መኖራቸውን እዩ፤ የድምር ቀመሩ ያልፋቸዋል።

ደግሞም ብቻችሁን አይደላችሁም። አንዱ ያዘጋጀውን ሌላው ሳያረጋግጠው አለመጽደቁ የውስጥ ቁጥጥር ሀ ሁ ነው። የተለማማጅ ሥራ ቀርቶ የአንጋፋውም ሥራ በሌላ ዓይን ይታያል።

4. ዋዜማውንና ጠዋቱን አዘጋጁ

ልብስና መታወቂያ ማታውኑ ይዘጋጅ፤ መንገዱም አስቀድሞ ይታወቅ። ከመተኛታችሁ በፊት የነገ ሥራዎቻችሁን ዘርዝራችሁ ጻፉ፤ ሐሳቡ በጭንቅላት ውስጥ ሲመላለስ አያድርም። ቡና ከቀትር በኋላ ይቅርባችሁ።

ጠዋት ልብ ሲመታ በአፍንጫ አየር ስባችሁ፣ ከሳባችሁበት በረዘመ ጊዜ ቀስ ብላችሁ አስወጡ፤ ለጥቂት ደቂቃ ደጋግሙት። ራስን «ተረጋጋ» ብሎ ማስገደድ ግን ብዙም አይሠራም። ፍርሃትና ጉጉት በሰውነት ላይ የሚያሳዩት ምልክት ተቀራራቢ ስለሆነ «ጓጉቻለሁ» ማለት ይቀላል፤ በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናትም ከንግግርና ከሒሳብ ፈተና በፊት ይህን ያሉ ሰዎች የተሻለ እንደሠሩ አሳይቷል።

ጭንቀቱ ለሳምንታት እንቅልፍና ምግብ ከከለከለ ግን ጉዳዩ የዝግጅት አይደለም፤ የጤና ባለሙያ አማክሩ።

5. ሥራ ሲሰጣችሁ ወዲያው ጠይቁ

ከጠረጴዛው ከመነሳታችሁ በፊት የተባላችሁትን በራሳችሁ ቃል መልሳችሁ ተናገሩ፤ ያልተነገራችሁንም ጠይቁ፦ «ለማን ነው የሚቀርበው? መቼ ይፈለጋል? ቁጥሩ በሺህ ነው ወይስ በሚሊዮን?» በኋላ መንገድ ከጠፋችሁ «አልገባኝም» ብቻ አትበሉ፤ «እስከዚህ ድረስ ሠራሁ፣ እዚህ ላይ ቆምኩ» ብላችሁ አሳዩ። እርዳታ ፍለጋ ግን የድርጅቱን ሰነድ ፎቶ አንስታችሁ ለጓደኛ እንዳትልኩ፤ የደንበኛ መረጃ ከቢሮው መውጣት የለበትም። የምትጠይቁት እዚያው ያለውን ባልደረባ ይሁን።