ባገለገለ ዴል ላይ ማክኦኤስ መጫን

ፒያሳ ወይም መርካቶ ያገለገለ ዴስክቶፕ ስትገዙ ኮር አይ5-7500 ያለውን ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7050 ፈልጉ። አብሮት ያለው ኤችዲ 630 ግራፊክስ በማክኦኤስ (የአፕል ኮምፒውተሮች ኦፕሬቲንግ ሲስተም) ቬንቹራ ዕትም ላይ ይሠራል። የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ ጨምሩበት ቢሏችሁ አትስሙ፤ በማክኦኤስ ድጋፉ ከቀረ ቆይቷል። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ኮምፒውተሩ ሲነሳ ኤፍ2 ተጭናችሁ ባዮስ (የማሽኑ መሠረታዊ ማስተካከያ ገጽ) ግቡ። የቢሮ ዕቃ ስለሚሆን የይለፍ ቃል ከጠየቀ ተዉት። ራም 8 ጊጋ ያስኬዳል፣ 16 ይሻላል።

ባዮሱ ውስጥ ሴኪዩር ቡትን አጥፉ፣ ሳታውን (የዲስኩን አሠራር) ከሬይድ ወደ ኤኤችሲአይ ቀይሩ። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው፦ በሬይድ ከቀረ ኢንስቶለሩ ዲስኩን ጭራሽ አያየውም፣ ጤነኛው ኤስኤስዲ ተበላሽቷል ተብሎ ለሻጩ ይመለሳል።

16 ጊጋ ፍላሽ በፋት32 ፎርማት አድርጋችሁ ኦፕንኮርን (ማክኦኤስን አፕል ባልሠራው ኮምፒውተር የሚያስነሳ ፕሮግራም) ጫኑበት፤ ማክኦኤስን ከማሽኑ ዕቃዎች ጋር የሚያግባቡት ፋይሎች ሊሉ፣ ቨርቹዋልኤስኤምሲ፣ ዋትኤቨርግሪን፣ ለኔትወርኩ ደግሞ ኢንቴልማውሲ ይግቡ። በኦፕንኮር ቅንብሩ ላይ የማኩን ሞዴል አይማክ18,1 በሉት። ሞኒተሩን በዲስፕሌይ ፖርት አገናኙ፤ ቪጂኤ ብዙ ጊዜ ጥቁር ስክሪን ነው።

ኢንስቶለሩ 12 ጊጋ ገደማ ከኢንተርኔት ያወርዳል፤ በኬብል ይሁን። ዩፒኤስ ከሌለና መብራት ከሄደ እንደገና መጀመር ነው። የአፕል ፈቃድ ለራሱ ኮምፒውተሮች ብቻ መሆኑንም እወቁት።

ሲያልቅ ኦፕንኮር ያለበትን የኢኤፍአይ ፎልደር ወደ ኤስኤስዲው የኢኤፍአይ ፓርቲሽን ገልብጡ፤ አለዚያ ፍላሹ ሲነቀል አይነሳም።