ፊውል ሴል በኤታኖል፦ ስታክ የሚፈጁ ስህተቶች

ፊውል ሴል ነዳጅን ሳያነድ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ መሣሪያ ነው፤ ስታክ ደግሞ የተደራረቡ ሴሎች ናቸው። የተበላሸ ስታክ ስትፈቱ መጀመሪያ አኖዱን፣ ማለትም ነዳጁ የሚነካውን የኒኬል ገጽ፣ እዩ። ጤነኛ አኖድ ግራጫ ነው። አረንጓዴ ከሆነ ኒኬሉ አየር አግኝቶታል፤ ጥቁር ዱቄት ከለበሰ ደግሞ ካርቦን አንቆታል። ሶሊድ ኦክሳይድ ፊውል ሴል (በከፍተኛ ሙቀት የሚሠራው ባለ ሴራሚክ ዓይነት) በኤታኖል ሲሠራ አብዛኛው ጥፋት ከእነዚህ ከሁለቱ አይወጣም፤ መነሻቸውም ከዓመት ዓመት ያው ነው።

ውሃ መቆጠብ። ይህን ስህተት ስንት ጊዜ ቢናገሩት አያልቅም። ጀማሪው «ውሃ አይነድ፣ ምን ያደርጋል?» ይልና ኤታኖሉን አብዝቶ ውሃውን ይቀንሳል። ሪፎርመሩ (ነዳጁን ወደ ሃይድሮጅን የሚለውጠው ክፍል) ውስጥ ግን አንድ የኤታኖል ሞለኪውል ከሦስት የውሃ ሞለኪውል ጋር ተዋህዶ ነው ስድስት ሃይድሮጅን የሚሰጠው፤ ግማሹ ሃይድሮጅን የሚወጣው ከውሃው ነው። ያም የወረቀት ላይ ልክ ነው። ካርቦን እንዳይጠራቀም ለእያንዳንዱ የካርቦን አቶም 3 የውሃ ሞለኪውል ይዛችሁ ጀምሩ። ኤታኖል ሁለት ካርቦን ስላለው ለአንዱ 6 ውሃ ይደርሰዋል፤ በጀሪካን ሲሰፈር ለ1 ሊትር ባለ 96 ከመቶ ኤታኖል 1.7 ሊትር ያህል ውሃ ማለት ነው። «ብዙ ነው» ብላችሁ አትቀንሱ! ሲቀነስ የመጀመሪያው ቀን ቮልቴጁ ጥሩ ይመስላል፤ የሚያታልለውም ይህ ነው። ካርቦኑ የኒኬሉን ቅንጣቶች ከውስጥ እየገፋ ያፈራርሳቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ውሃ ቢጨመር የፈረሰው አይመለስም።

ሁለቱን ፈሳሽ ቀድማችሁ ቀላቅሉና በአንድ ፓምፕ ላኩ፤ በሁለት ፓምፕ ከሆነ የውሃው ሲቆም ኤታኖሉ ብቻውን ይገባል። ድብልቁ ማትነኛው ውስጥ ተጠራቅሞ እንዳይፈላ ግን ተጠንቀቁ። ኤታኖሉ በ78 ዲግሪ ገደማ ቀድሞ ይተናል፣ ውሃው ወደ ኋላ ይቀራል፤ ሪፎርመሩ አንዴ አልኮል አንዴ እንፋሎት ይደርሰዋል፤ ቮልቴጁም እንደ ትንፋሽ ከፍ ዝቅ ይላል። ጠብታው የጋለ ብረት ላይ አርፎ ወዲያው መትነን አለበት።

የቧንቧ ውሃ አይሆንም። የድሬዳዋ ውሃ ከጉድጓድ የሚወጣና ካልሲየም የበዛበት ነው፤ ማንቆርቆሪያ ግርጌ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት የማያውቅ የከተማው ሰው የለም። ያው ቅርፊት 3 ሚሊሜትር ስፋት ያላት የማትነኛ ቱቦ ውስጥ ሲጋገር መንገዱን ይዘጋዋል። ማፍላትም በጨርቅ ማጥለልም የሟሟውን ጨው አያወጣም። ማዕድኑ የወጣለት ውሃ ተጠቀሙ፤ ከመቀላቀሉም በፊት በኮንዳክቲቪቲ (ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅም) መለኪያ ፈትሹት።

ውኃ አልባውን ባለ 99.5 ከመቶ ኤታኖል መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። ከሞላሰስ የሚወጣው ኤታኖል እስከዚያ የሚደርቀው ከቤንዚን ጋር ለመቀላቀል ነው፤ እናንተ መልሳችሁ ውሃ ልትጨምሩበት ነው። ንጽሕናው ላይ ግን አትደራደሩ። ናፍጣ ወይም ቤንዚን የነበረበት ጀሪካን የቱንም ያህል ቢታጠብ ድኝ ያስቀራል፤ ኒኬል ደግሞ ከሚሊዮን አንድ እጅ በሆነች ድኝ ይመረዛል።

ሁለተኛው ትልቅ ጥፋት አዘጋጉ ነው። መብራት ይጠፋል፣ ፓምፑም አየር የሚነፋው ብሎወርም አብረው ይቆማሉ፣ ስታኩ ገና 750 ዲግሪ ላይ ነው። የነዳጁ ጋዝ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፣ አየር በጭስ ማውጫው ወደ አኖዱ ይሳባል። ኒኬሉ ኦክሳይድ ሲሆን ይዘቱ 70 ከመቶ ያህል ያብጣል፤ በላዩ ያለው ኤሌክትሮላይት (ነዳጁንና አየሩን የሚለየው ንጣፍ) 10 ማይክሮሜትር ገደማ የሚሆን ሴራሚክ ነውና ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከሥራ በፊት ሁለት ነገር ተዘጋጅቶ ይቆይ፦ ፓምፑንና መቆጣጠሪያውን የሚይዝ ባትሪ፣ እንዲሁም 5 ከመቶ ሃይድሮጅን ያለበት የናይትሮጅን ሲሊንደር። ቫልቩ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ በራሱ የሚከፈት ዓይነት ይሁን። ጋዙ ስታኩ ከ300 ዲግሪ በታች እስኪወርድ አይቋረጥ። ይህ ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይዱንም ጠርጎ ያወጣል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ በቀዘቀዘ ኒኬል ላይ ሲቀር ኒኬል ካርቦኒል የሚባል እጅግ መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል።

ስታኩ ሲሞቅም ሲቀዘቅዝም በደቂቃ ከ2 ዲግሪ አይብለጥ። መቸኮል የመስታወት ማሸጊያውን ይሰነጥቃል።

ብሎወሩን በባሕር ጠለል ልክ የሚመርጡ አሉ። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር 1,880 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ ሐረር ላይ የአየሩ ግፊት በአንድ አምስተኛ ያንሳል። ድሬዳዋ ደግሞ የእኩለ ቀኑ ሙቀት አየሩን ያሳሳዋል። በደቂቃ የሚነፋው ሊትር ያው ቢሆንም ክብደቱ ይጎድላል፤ ስታኩን የሚያቀዘቅዘው ያ አየር ስለሆነ መካከሉ ይግላል። አየሩን በክብደት አስሉት።

ምጣድን በቀጥታ ስታኩ ላይ አትሰኩ። 3 ኪሎዋት ተኩል ድንገት ሲጎተት ነዳጁ አይደርስም፤ የአንዱ ሴል ቮልቴጅ ከ0.6 በታች ከወረደ መውጫው አካባቢ ያለው ኒኬል መቃጠል ይጀምራል። ኒሳን በ2016 እ.ኤ.አ. ብራዚል ውስጥ ያሳየው በኤታኖል የሚሠራ መኪና እንኳ ስታኩ 5 ኪሎዋት ሆኖ የ24 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ይሞላ ነበር። ስታኩ ቀስ ብሎ እኩል ይሥራ፣ ጉልበቱን ባትሪው ይስጥ።

የነዳጅ ድብልቁ ውሃ ስለበዛበት አይነድም የሚለው ግምትም አደገኛ ነው። በድሬዳዋ ቀትር እንፋሎቱ ብልጭታ ይበቃዋል፤ ነበልባሉም በፀሐይ ብርሃን እምብዛም አይታይም። የፈሰሰ ነገር ካለና ሙቀት ከተሰማችሁ፣ ከመጠጋታችሁ በፊት ረጅም እጀታ ያለው መጥረጊያ ወደፊት ዘርጉ፤ ጫፉ ከተለበለበ እሳት አለ፣ ውሃ በብዛት አፍስሱበት።